እምቢታ በጥሩ ጣሊያንኛ

ሰው በሁለት መንገድ ይዋረዳል፤ አንድም የማያውቀውን "አውቃለሁ" ሲል፣ አንድም ይህንኑ የሚለው በአከራዩ ፊት ሲሆን። እኔ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠናቅቄአለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው፦ "ጣሊያንኛ እኮ እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው ቀላል ነው፤ ፊደሉም አንድ ነው።"

በዚህ ስሌት አማርኛ የሚያነብ ሁሉ የግእዝ ቅኔ ይዘርፋል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ይህ አልታየኝም። አስተማሪ ነኝ፤ የአስተማሪ በሽታው ደግሞ ጥያቄ ሲነሳ ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። ለማንኛውም ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

መካነ ሰላም ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምኖረው ጋሽ መኮንን ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው ክፍል ነው። ጋሽ መኮንን ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጨርሶ የማይናገሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሰብለ ቤሩት ሠርታ፣ አሠሪዎቿ ወደ ጣሊያን ሲሄዱ ይዘዋት ሄደው፣ እዚያው ቀርታ ዛሬ አንድ ዳቦ ቤት ትሠራለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ሉካ የሚባል፣ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። የሃይማኖቱን ጉዳይ "እጠመቃለሁ" ብሎ ከሰብለ ቤተሰብ የንስሐ አባት ጋር በእሷ አስተርጓሚነት በስልክ ጨርሶታል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እዚሁ እንዲሆን ታስቧል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌ።

"የልጁ አባት አገሩ ሩቅ ነው፤ ለሽምግልና ባይመጣ አይፈረድበትም" አሉ ጋሽ መኮንን። "ከዚህ ሰው ይወክል። ግን በገዛ አፉ ይጠይቀኝ። በስልክም ቢሆን ፊቱን ልየው።"

"እንግዲያው ሰብለ ታስተረጉማለቻ" አልኩ።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። "ኧረ ምን ጉድ ነው! ልጅት ለራሷ አማላጅ ትሁን? 'አባባ፣ እኔን ስጡን እያሉ ነው' ልትል?"

"ስልኩም እኮ ራሱ ይተረጉማል፤ እንደዚያ የሚያደርግ ነገር አለው" አልኩ።

"ልጄን የምድረው ለሰው ነው ለስልክ?" አሉ ጋሽ መኮንን።

ያቺን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት ይሄኔ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። የሙሽራው ወገን ሆነው እንዲቆሙ የተመረጡት ሐጂ ሰይድ፣ የጋሽ መኮንን የልጅነት ጓደኛ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽር ልጄ! ዐቢይ ጾም እስኪገባ ስንት ጊዜ አለህ!" አብሽር በእኛ አገር አይዞህ ማለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ሐጂ ሰይድ አብሽር ካሉኝ በኋላ ተመችቶኝ የዋለ ቀን ግን አላስታውስም።

መጽሐፉን ደሴ ከሚገኝ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አስመጣሁ። የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። ችግሩም ከዚሁ ጀመረ፤ መጽሐፉ እንግሊዛዊ አድርጎ ቆጠረኝ። "አይዞህ፣ ይህ ነገር በቋንቋህ ስለሌለ ሊከብድህ ይችላል" ይለኛል በየገጹ። እኔም ታዛዥ ተማሪ ስለሆንኩ ይከብደኛል።

ምዕራፍ ሦስት ላይ "ጣሊያንኛ ውስጥ አንዳንዱ ድምፅ ጠብቆ ካልተነበበ ትርጉሙ ይለወጣል፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህን አይለምድም" ሲል ሁለት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ስጨምቅ ከረምኩ። አገጬን አመመኝ። በዓሉን "ገና" እያጠበቅሁ፣ "ገና አልደረስኩም" ስል ደግሞ እያላላሁ ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩ ሰው መሆኔ ትዝ ያለኝ ራሱ ገና ሲደርስ ነው! ምዕራፍ አራት ደግሞ "ጣሊያኖች እኔ፣ አንተ፣ እሷ ሳይሉ ግሡን ብቻ ይናገራሉ፤ ማን እንደ ሠራው ከግሡ ጫፍ ይታወቃል፤ ይህ እጅግ ግራ ያጋባል" አለ። እጅግ ግራ ተጋባሁ። በላሁ፣ በላች፣ በሉ እያልኩ ስንት ዘመን ራቴን የበላሁ ሰው! በቤቴ የሞላውን ዕቃ ከጎረቤት ልዋስ ሄጄ፣ ጎረቤት "ከባድ ነው፣ አትችለውም" ሲለኝ አምኜ ባዶ እጄን የምመለስ ዓይነት ሆንኩ።

በእውነት የሚከብደው ሲመጣ ደግሞ መጽሐፉ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እንግሊዝኛ አንዲት "ዘ" አለችው። እሷን አንዷን ለተማሪዎቼ ማስተማር አቅቶኝ ዓመት ይጠባል። ጣሊያንኛ ውስጥ ሰባት ሆና ጠበቀችኝ። የትኛዋ የት እንደምትገባ የሚወሰነው ዕቃው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ስሙም በምን ድምፅ እንደሚጀምር ታይቶ ነው። ጠረጴዛ ወንድ ነው። ወንበር ሴት ናት። እጅ በወንድ ጫፍ ጨርሳ ሴት ናት፤ "ችግር" የሚለው ቃል ደግሞ በሴት ጫፍ ጨርሶ ወንድ ነው። ሥርዓት እወዳለሁና ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ለጠፍኩ፤ ቀይ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ። እንቁላል ጋ ስደርስ ሠንጠረዡ ከሸፈ።

"እትዬ የሺ፣" አልኩ ወደ ማድ ቤት ብቅ ብዬ፣ "እንቁላል ወንድ ነው ሴት?"

"ሳይፈለፈል በምን ይታወቃል?"

"ጣሊያኖች ያውቁታል። አንድ ሲሆን ወንድ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ሴት ይሆናሉ።"

ማማሰያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። "ልጄ፣ ምሳህን በልተሃል?" አሉኝ።

የአክብሮቱ ነገር ደግሞ አለ። በጣሊያንኛ ትልቅን ሰው ለማክበር ፊት ለፊቱ ቆመው "እሷ" ይሉታል። መጽሐፉ ይህን ሲያብራራ "እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ ስለማይለይ ትቸገራለህ" ይላል። እኔ አንቱ ሲባል ባደገ አፌ አልቸገርም ነበር፤ የተቸገርኩት ለሐጂ ሰይድ ሳስረዳ ነው።

"እና ያንን ጺማም የልጁን አባት ፊት ለፊት 'እሷ' ልትለው ነው?"

"አዎ። አክብሮት ነው።"

"እኔንም?"

"በጣሊያንኛ ከሆነ አዎ።"

"እንግዲያው እኔን በአማርኛ አክብረኝ፤ ይበቃኛል" አሉና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጥር ላይ አምስት ደብተር ሰዋስው ሞልቼ ነበር፤ ግን ከአንድም ሰው ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥኩም። የምለማመድበት ሰው ፍለጋ መካኒኩ ሽፈራው ጋ ሄድኩ፤ ሹፌሮች ዘንድ የውጭ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ሽፈራው ከአንድ አይሱዙ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

"ጣሊያንኛ?" አለ ከሥር። "እኔ ስናገረው ነው የምውለው። ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖርቶ መጋላ፣ ቴንዳ፣ ፍሬን፣ ሞተር። እኔ ከአባቴ፣ አባቴ ከጌታው፣ ጌታው ከነሱ። እስቲ ያንን ካቻቢቴ አቀብለኝ።"

መጽሐፌን ገልጬ ባመሳክር፣ ጫፍ ጫፋቸው ትንሽ ተሸራረፈ እንጂ ሁሉም አሉ። አምስት ደብተር የሞላሁት ሰውዬ ግን ያንን የብሎን መፍቻ በጣሊያንኛ "አቀብለኝ" ማለት አልችልም ነበር። ተናደድኩ። ላጠምደው ብዬ፣ "ለመሆኑ ፍሬን ወንድ ነው ሴት?" አልኩት።

"የሚይዝ ከሆነ ግድ የለኝም" አለ።

መጋቢት ደረሰ። በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌዎቹ ጋሽ መኮንን ደጅ ቆምን። ሽማግሌዎቹ ስል ሐጂ ሰይድና ስልኬ ማለቴ ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ውስጡ የሉካ አባት ሲኞር ብሩኖ አሉ፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ክራባታቸው ላይ ጥቂት ዱቄት ቀርቷል። ስልኩን የያዘላቸው ወንድማቸው ነው። ጋሽ መኮንን ሁለት ዘመዶቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው መሐል ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ የሌሉ ያህል ነው፣ እንዳሉ ግን ሁሉም ያውቃል።

"ኑ ተቀመጡ" አሉ ጋሽ መኮንን።

"አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው" አሉ ሐጂ ሰይድ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው።

ለሲኞር ብሩኖ አስቀድሜ ይህን በስንት ልፋት ነግሬአቸው ነበርና እሳቸውም ብድግ አሉ።

"አባትየው ተቀምጧል?" አሉ ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን አጥብበው።

"ቆመዋል ጋሼ።"

"ሆዱ ነው የሚታየኝ። እግሩን አሳየኝ።"

እግራቸውን እንዲያሳዩ ጠየቅሁ። ወንድምየው ስልኩን ዝቅ አደረገ። ከሥር የተወለወለ ጥቁር ጫማ ታየ።

"ጫማውን ወልውሏል፤ ደህና ሰው ነው" የሚል ሹክሹክታ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

ሲኞር ብሩኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጃቸው ሰብለን እንደሚወድ፣ እነሱም እንደ ልጃቸው እንደሚያዩዋት፣ የአባትና የእናቷን ፈቃድ ሊጠይቁ በትሕትና እንደቆሙ ተናገሩ። ተረጎምኩ። አንድ ቃል አልጣልኩም።

ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በዚያ ከባድ ድምፃቸው፣ "ለዳር የምትሆን ልጅ የለችንም" አሉ። "ያለችውም ገና ሕፃን ናት። አገራችሁን አናውቀው፣ ዘራችሁን አልቆጠርነው። በመጣችሁበት ተመለሱ።"

ሰብለ በሚያዝያ ሠላሳ አንድ ዓመት ይሞላታል።

አሁን የእኔን ጥፋት ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። ለአምስት ወር ስታገለው የኖርኩት ቋንቋ በዚያች ደቂቃ እንደ ታዘዘ በቅሎ ገራልኝ። "የለችንም" ስል ግሡ በቦታው ገባ። "ሕፃን" ስል ሴቷን "ሕፃን" ከሴቷ "ዘ" ጋር አጋባኋት። "ተመለሱ" የሚለውን ትእዛዝ በብዙ ቁጥር፣ በአክብሮት፣ ጠብቆ መነበብ ያለበትን አጥብቄ ተናገርኩ። መጽሐፉ ቢሰማኝ ያለቅስ ነበር። ከዚህ በፊትም ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ያለ ጣሊያንኛ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሲኞር ብሩኖ ክራባታቸውን ፈታ አደረጉ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ካፒቶ" አሉ፤ ገባኝ ማለት ነው። ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ገባኝ አሉ!" አልኩ፣ ፊቴ በኩራት በርቶ።

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጂ ሰይድ። "እንዴት ያለ የሚያምር እምቢታ! አንጀቴን ነው ያራሰው።"

እትዬ የሺ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው "ለመጪው እሑድ ኑ፤ እንጠብቃለን" ብለው መልሰው ጋረዱት። ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያየን። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚባልለት ነገር ቢኖር ቆሎ ነው፤ ልጅ በመጀመሪያ ቀን የሰጠ አባት ልጁን የሚያባርር ይመስላል። ይህን የማያውቅ በእኛ በቦረና አገር የለም። ችግሩም እሱ ነው፤ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ። ያ እምቢታ ለእኔ እንደ "ጤና ይስጥልኝ" ነበር። ጤና ይስጥልኝን ቆሞ የሚያብራራ ማን አለ?

ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ሰብለ ደወለች። ታለቅሳለች።

"መምህር፣ ምን አደረግህ? ሲኞር ብሩኖ ሙሉ ልብሳቸውን ሳጥን ውስጥ ከተቱት። 'ሂድ የተባልኩበት ደጅ ሁለተኛ አልቆምም' ብለዋል። ሉካ ደግሞ ያለ አባቱ ቡራኬ አይሆንልኝም ይላል።"

"ወጉ ነው ብለሽ አታስረጃቸውም?"

"አስረዳሁ እንጂ! 'አንቺ ልታጽናኚኝ ነው፤ መምህሩ በጥሩ ጣሊያንኛ ግልጽ አድርጎ ነግሮኛል' አሉኝ። መምህርዬ፣" አለች ሳጓን እየዋጠች፣ "ምናለ እንደ ሌላው ቀን ብትሳሳት ኖሮ?"

ወደ ጋሽ መኮንን ሮጥኩ። ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። "እርስዎ አንዴ ቢደውሉላቸው..." ስል እጃቸውን አነሱ።

"እኔ ልደውል? የሴት ልጅ አባት ደውሎ 'ኧረ ኑ ውሰዱልኝ' ይበል? ተራው የእነሱ ነው። እሑድ ከመጡ መጡ።"

"ካልመጡስ?"

ጋሽ መኮንን ዝም አሉ። ሲቆጡ ዝም እንደሚሉ ነግሬአችኋለሁ፤ ሲያዝኑም ዝም እንደሚሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከጀርባቸው በአጥሩ ጥግ ሰኞ ዕለት በዘመድ ከአጅባር ገበያ ያስመጡት ሰንጋ ታስሮ ድርቆሽ ያመሰኳል።

እንግዲህ ከእሑድ በፊት ለሲኞር ብሩኖ ማስረዳት የኔ ዕዳ ሆነ። መጽሐፌን ገለጥኩ። የሚያስፈልገኝ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ "እምቢ ያሉት በእውነት እምቢ ማለት ፈልገው ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ባለ ሁኔታ እምቢ ባላሉ ነበር።" ይህን በጣሊያንኛ ለማለት ሁለት የግሥ መልክ ያስፈልጋል። አንዱ ምዕራፍ ሃያ ላይ ነው፤ ሌላው ምዕራፍ ሃያ ሦስት ላይ። እኔ ያለሁት ምዕራፍ ዐሥራ አራት ላይ፣ ገበያ ሄዶ ፍራፍሬ መግዛት ጋ። ምዕራፍ ሃያ ሦስት የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦ "እንግሊዝኛ ይህን መልክ ከሞላ ጎደል ስለተወው አትጨነቅ፤ ከዓመታት ልምምድ በኋላ ይገባሃል።" መጽሐፉን ወረወርኩት። አንስቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ እንደገና ወረወርኩት።

ረቡዕ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሲል ወጥቼ ተራመድኩ። ሽፈራው ደጅ አንድ ሹፌር ጸጉሩን ይነጫል። "ሞቷል! ሞተሩ አልቆለታል! አልነቃነቅ አለኝ!"

ሽፈራው በመስኮቱ እጁን አስገብቶ አንድ ነገር ለቀቀ። መኪናው ቁልቁል ሊንደረደር ሲል መልሶ ያዘው። "የእጅ ፍሬን ይዘህ ነው" አለው። "ሰው ደግሞ የቆመ መኪና ባየ ቁጥር ሞተሩ ሞተ ይላል።" ወደ እኔ ዞረ። "ምን ያስቅሃል መምህር?"

አልሳቅሁም ነበር። ግን ወደ ቤት የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሲኞር ብሩኖ ጋ ደወልኩ። ከዳቦ ቤታቸው አነሱት፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ፊታቸው እንደ ቀዘቀዘ ምድጃ ነው። "ማኤስትሮ" አሉ በደረቁ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

ያዘጋጀሁት መግቢያ ጠፋኝ። ግሦቼ ሁሉ ጥለውኝ ሄዱ። የቀረኝ የሽፈራው ጣሊያንኛ ብቻ ነበር።

"ጋሽ መኮንን፣ ኖ" አልኩ። "ኖ፣ ፍሬኖ።" የእጅ ፍሬን እንደሚስብ ሰው አየሩን ሳብኩ። "ሞቶሬ፣ ቡዎኖ። ሞቶሬ፣ ቡዎኖ!"

ሞተሩ ደህና ነው ማለቴ ነበር። ቅንድባቸውን አነሱ። ስልኩን አዙሬ ግቢው ውስጥ እየተራመድኩ ማሳየት ጀመርኩ። ሰንጋውን፦ "ቶሮ! ፔር ማትሪሞኒዮ!" ፔር ማትሪሞኒዮ ለሠርግ ማለት ነው። ቶሮ ኮርማ ነው፤ ሰንጋ መሆኑን ለማስረዳት ጉልበቱም ቃሉም አልነበረኝም። ፀሐይ ላይ የተሰጣውን የጠላ ብቅል፦ "ቢራ! ፔር ማትሪሞኒዮ!" በጾሙ ሰሞን የተጠራቀመውን አንድ ቅርጫት እንቁላል፦ "ፔር ማትሪሞኒዮ!" እንቁላሎቹ ወንድ ይሁኑ ሴት ደንታ አልነበረኝም። ለዳስ የመጡትን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፦ "ቴንዳ! ቴንዳ ግራንዴ!" ትልቅ ድንኳን ማለቴ ነው።

ቋሚዎቹ አጠገብ ጋሽ መኮንን ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በገጀራ ልጣጩን ይልጣሉ። "ለዳር የምትሆን ልጅ የለችንም" ባሉ በአራተኛ ቀናቸው መሆኑ ነው።

ቀና ሲሉ ከሲኞር ብሩኖ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መደበቂያ አልነበራቸውም። ገጀራውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"ንገረው" አሉኝ። "ልጅ የለችንም ብለናል።" ገጀራውን አንስተው ልጣጫቸውን ቀጠሉ።

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሲኞር ብሩኖ ጋሽ መኮንንን አዩ፤ ቋሚዎቹን አዩ፤ እንደገና ጋሽ መኮንንን አዩ። መጀመሪያ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ትከሻቸው። በመጨረሻ ሳቁን ሲለቁት ከሽርጣቸው የተነሳው ዱቄት ስልኩን ሸፈነው። ዱቄቱ ሲገለጥ እንባቸውን እየጠረጉ "ኩዋንቴ ቮልቴ?" አሉኝ፤ ስንት ጊዜ ነው? ሦስት ጣቴን አሳየኋቸው።

እሑድ ሙሉ ልብሱ ከሳጥኑ ወጣ። "ተቀመጡ" ሲባሉ ገና ሳልተረጉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እግራቸውንም ሳይጠየቁ አሳዩ። ጋሽ መኮንን "ከዘመድ እንምከርበት" አሉ። ሲኞር ብሩኖ "ፍሬኖ" አሉ በእርካታ፣ እጅ ነስተው ሄዱ። ሐጂ ሰይድ "ይኼ ሰው የኛ አገር ሽማግሌ መሆን አለበት" አሉ።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። በዚያ ቀን እሺ እንደሚባል ስለማውቅ ለእሺታው ግማሽ ገጽ አዘጋጅቼ፣ አርሜ፣ በቃሌ ይዤ ቆምኩ። ጋሽ መኮንን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "እንግዲህ ደጃችንን ሦስት ጊዜ ረግጣችኋል" አሉ። "ልጅ የእግዚአብሔር ናት። እኛ አሳዳጊ ነን። እሱ ከፈቀደ እኛ ማን ነን?"

ይህ እሺታ ነው። ግን ግማሽ ገጼን ልጀምር አፌን ስከፍት አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ ይህን ቃል በቃል ብተረጉመው ደግሞ አምላክ እምቢ ብሏል ብለው ቢረዱትስ? ስለዚህ ሁሉንም ትቼ "ሲ" አልኩ።

አምስት ወር የተማርኩት ለዚህች ፊደል ነው። እሷንም ሽፈራው ያውቃታል።

ሲኞር ብሩኖ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ሲ?" አሉ በጥርጣሬ። ከወንድማቸው ጋር ተንሾካሾኩ። "ፍሬኖ?"

"ኖ! ኖ ፍሬኖ!"

"ኖ?" አሉ፣ ይበልጥ ተጠራጥረው። አራት ጣት አወጡ።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ለአራተኛ ጊዜ መቼ እንምጣ ይላሉ።"

"እሺ አልኩ እኮ!"

"አላመኑም።"

"ለምን አያምነኝም?"

"ስላወቁዎት ነዋ፣ ጋሼ።"

ሐጂ ሰይድ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። "እውነተኛ እሺታ ነው፣ ካሁን በፊት እንደነበረው አይደለም" ለማለት ስንት ምዕራፍ ይፈጃል እያልኩ በአእምሮዬ ገጽ ስገልጥ፣ መጋረጃው ተገለጠ። የሌሉት እትዬ የሺ ወጡ። ስልኩን ከእጄ ላይ አላስለቀቁኝም፤ ብቻ ወደ እሱ ጎንበስ ብለው፣ ሦስት እሑድ የያዙትን እልልታ ለቀቁት። ከጓዳ ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ተቀበለ።

ሲኞር ብሩኖ መነጽራቸውን አወለቁ። በእጃቸው ከኋላቸው ወንበር ዳበሱ። ሦስት እሑድ ሙሉ ቆመው የከረሙት ሰው፣ ማንም ሳይተረጉምላቸው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸውንም በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ጋሽ መኮንን ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ።

"እኔ የምለው፣ መምህር" አሉ። "ሳይተረጎምለት የሚገባው ሰው ከሆነ፣ አንተ አምስት ወር ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ስትሠራ ከረምክ?"